አምሳያና አካል፤ ስለ አምሳያ ዘዴ አጠቃቀም የቀረበ ሂስ

በማናቸውም የዕውቀት ዘርፍ የሚካሄድ ምርምር ያለ አምሳያ ብዙ ርቀት ሲጓዝ አይታይም። የፊዚክስ ሊቅ በዓይን የማይታየውን አቶም፣ የጤና ተመራማሪ የበሽታን መዛመት፣ የትምህርት ዕቅድ አውጪም ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚያስፈልገውን የመማሪያ ክፍል ብዛት የሚመረምሩት በአምሳያ አማካይነት ነው። አምሳያ ወይም በተለምዶ ‹‹ሞዴል›› የሚባለው፣ የአንድን ነገር ዋና ዋና ጠባዮች መርጦ፣ የቀረውን ትቶ፣ በሥዕል፣ በቁስ ወይም በሒሳብ ቀመር የሚያሳይ የምርምር መሣሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያውን ለማወደስ ወይም ለማጣጣል አይደለም። ዘዴው ከአንዱ የዕውቀት ዘርፍ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቀመሩ እንጂ ጥንቃቄው አብሮ እንደማይሸጋገር ለማሳየት፣ የጉድለቱም ሥር ከመማሪያ ክፍል እንደሚጀምር ለማመልከት ነው። ‹‹ዓ.ም.›› ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከፊዚክስ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኒልስ ቦር በ1913 ያቀረበው የአቶም አምሳያ ኤሌክትሮኖች በኑክለስ ዙሪያ በተወሰኑ ምሕዋሮች ይዞራሉ ይላል። በዚህ አምሳያ የሃይድሮጂን ጋዝ የሚሰጣቸውን የብርሃን መስመሮች በሚገባ ማስላት ተቻለ። ሁለት ኤሌክትሮኖች ባሉት በሂልየም ላይ ሲሞከር ግን አልሠራም። በ1925 እና በ1926 ሃይዘንበርግና ሽሮዲንገር ያቀረቧቸው ቀመሮች ቦታውን ወሰዱ። የፊዚክስ ሊቃውንት በዚህ አላፈሩም፤ አምሳያው የሚፈተንበት ነገር አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፣ በተፈተነበት ቦታ ሲወድቅ ተለወጠ። በትምህርት ቤት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ክቦቹን ይሥላል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተናም በሁለተኛው ክብ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ይጠየቃል። ሥዕሉ የት ላይ እንደማይሠራ አይነገረውም። ስሕተቱ ሥዕሉን ማስተማር አይደለም፤ ለጀማሪ የሚያቀልለት ነገር አለና። ስሕተቱ አምሳያውን እንደ አካሉ አድርጎ ማቅረብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጤና ምርምር የተወሰደ ነው። ሮናልድ ሮስ የወባ ተውሳክ በትንኝ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ በ1897 ካረጋገጠ በኋላ፣ የበሽታውን መዛመት በሒሳብ ቀመር ለመግለጽ በቃ። ከቀመሩ የተገኘው ዋና ቁም ነገር፣ ወባን ለማጥፋት ትንኝን ሁሉ መፍጀት እንደማያስፈልግና ቁጥሯን ከተወሰነ ደረጃ በታች ማውረድ እንደሚበቃ ነው። በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ ይህንኑ አስፋፍቶ ከትንኟ ብዛት ይልቅ የዕድሜዋ ርዝመት ወሳኝ መሆኑን አመለከተ። ምክንያቱም ተውሳኩ በትንኟ ውስጥ በስሎ ወደ ሰው ለመተላለፍ፣ እንደ አየሩ ሙቀት፣ ዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከመቶ ትንኞች በየቀኑ ዘጠና እጁ የሚተርፉ ከሆነ ዐሥሩን ቀን የሚዘልቁት 35 ያህል ናቸው። በየቀኑ የሚተርፉት 80 በመቶ ቢሆኑ ግን የሚዘልቁት 11 ያህል ብቻ ይሆናሉ። በቤት ግድግዳ ላይ የፀረ ትንኝ መድኃኒት መርጨት ከፍ ያለ ውጤት ያስገኛል የተባለበት አንዱ ምክንያት ይህ ስሌት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 የጀመረው ወባን የማጥፋት ዘመቻ በዚሁ አስተሳሰብ የተደገፈ ነበር። በአገራችንም በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል ሕይወት እንዳጠፋ ከተገመተ በኋላ፣ በ1959 የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ ዘመቻ በ1969 ስልቱን እንዲለውጥ ተገደደ። በሰሜን ናይጄሪያ በጋርኪ አካባቢ ከ1969 እስከ 1976 የተካሄደው ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን ያሳያል። በዚያ ግድግዳ መርጨትና መድኃኒት ማደል ተጣምረው ሲሞከሩ በሽታውን በብዙ ቀነሱት እንጂ መተላለፉን አላቋረጡትም። ከትንኞቹ ከፊሉ የሚያርፉት በግድግዳ ላይ ሳይሆን ከቤት ውጭ ነበርና። እንግዲህ የማባዛቱ ስሌት አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ትንኝ ሁሉ ከቤት ውስጥ ታርፋለች የሚለው ታሳቢ ነው። የጋርኪ ጥናት የሚመሰገነው ተመራማሪዎቹ ቀመራቸውን ይዘው ወደ መንደሩ በመውረድ ለዓመታት ሲለኩና ሲያስተያዩ በመቆየታቸው ነው።

ይኸው የማባዛት ስሌት ስሙን ለውጦ በትምህርት ዕቅድ ውስጥ ይገኛል። ከየክፍሉ ተማሪዎች 90 በመቶው ወደሚቀጥለው የሚያልፉ ቢሆንና የሚደግም የለም ቢባል፣ አንደኛ ክፍል ከሚገቡ 1,000 ልጆች ስምንተኛ ክፍልን የሚያጠናቅቁት 430 ያህል ናቸው። 95 በመቶው ቢያልፉ ደግሞ 663 ይሆናሉ። በየክፍሉ የሚደረግ ትንሽ መሻሻል በመጨረሻ ምን ያህል እንደሚያፈራ ስለሚያሳይ ስሌቱ ጠቃሚ ነው። የመምህራን፣ የመጻሕፍትና የመቀመጫ ብዛትም ከዚሁ ይመነጫል።

ነገር ግን ትንኝና ተማሪ አንድ አይደሉም። አንደኛ፣ የሞተች ትንኝ አትመለስም፤ በመከር ጊዜ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ግን በሚቀጥለው መስከረም ሊመለስ ይችላል። ወላጆቹ አገር ሲለውጡ አብሯቸው የሄደውም በአንዱ መዝገብ አቋራጭ፣ በሌላው አዲስ ገቢ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ አማካይ ቁጥር ልዩነትን ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል ከ1,000ዎቹ ልጆች እኩሌታዎቹ በየክፍሉ 98 በመቶ በሚያልፉበት ከተማ፣ እኩሌታዎቹ 82 በመቶ ብቻ በሚያልፉበት ገጠር አሉ እንበል። አማካዩ ያው 90 በመቶ ነው። ተለያይተው ሲሰሉ ግን ከከተማው 425፣ ከገጠሩ 102 ያህል ያጠናቅቃሉ፤ ድምሩ 430 መሆኑ ቀርቶ 527 ይሆናል። አማካዩ ድምሩን ከማሳሳቱም በላይ ከገጠሮቹ ልጆች አምስት እጁ አራቱ መንገድ ላይ መቅረታቸውን ደብቋል።

ሦስተኛውና ከባዱ ልዩነት፣ የሰው ልጅ ስለ ራሱ የተሠራውን አምሳያ አንብቦ ጠባዩን የሚለውጥ መሆኑ ነው። በመጋቢት 2020 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በታላቋ ብሪታንያ 510 ሺህ ያህል ሰው በኮቪድ ሊሞት እንደሚችል አስልተው ነበር። እርምጃው ተወሰደና የሟቾቹ ቁጥር ከዚያ አነሰ፤ ከዚህም የተነሣ ስሌቱን ሐሰት ያሉ ብዙዎች ናቸው። ‹‹ካልተወሰደ›› የምትለዋን ቃል ረስተዋታል። በትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ርእሰ መምህሩ የሚመዘነው ክፍል ባለፉ ተማሪዎች ብዛት ከሆነ፣ ማንበብ ያልቻለውንም ልጅ ማሳለፍ ይጀመራል። በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥሩ ይሻሻላል፤ ልጁ ግን እንደ ነበረ ነው።

ወደ ስሌቱ የሚገቡት ቁጥሮችም ራሳቸው ምርመራ ይሻሉ። ጥቅል የትምህርት ተሳትፎ የሚገኘው የተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር በትምህርት ዕድሜ ላይ ላሉ ልጆች ቁጥር ሲካፈል ነው። ተካፋዩ ከትምህርት ቤት መዝገብ ይመጣል። አካፋዩ ግን በኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ከተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች፣ በተለይም ከመጨረሻው በመነሣት፣ ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በመገመት የተሰላ ነው፤ አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወስኗልና። ስለዚህ አካፋዩ ራሱ የአምሳያ ውጤት ነው። አንድ ወረዳ ከመቶ በላይ ተሳትፎ ቢያሳይ፣ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች ስለ ገቡ ሊሆን ይችላል፤ አካፋዩ ከእውነተኛው ስላነሰም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ‹‹በዚህ ወረዳ ትምህርት ቤት አይጎድልም›› ብሎ መወሰን ላም አለኝ በሰማይ እንደ ማለት ነው።

ዕቅድ አውጪ ሁሉንም እስኪያውቅ ሊጠብቅ አይችልም፤ ሕፃናት በየዓመቱ ለትምህርት ይደርሳሉ የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው። ይሁንና የምንጠይቀው መዘግየትን ሳይሆን ግልጽነትን ነው። እያንዳንዱ የዕቅድ ሠንጠረዥ የተመሠረተባቸውን ታሳቢዎች ከሥሩ ይዘርዝር። በአንድ ቁጥር ፈንታ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ይስጥ። ከእውነተኛው ምዝገባ ጋር የሚተያይበት ጊዜም አስቀድሞ ይወሰን። ከሁሉም በላይ ውጤቱ ቅጹን ሞልቶ ወደ ላከው ትምህርት ቤት ይመለስ፤ ልጁ አቋርጦ ይሁን ተዛውሮ የሚያውቀው የክፍሉ መምህር ነውና።

የመምህሩም ድርሻ ከዚህ አያንስም። የአቶምን ሥዕል ሲሥል የት ላይ እንደማይሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ትምህርቱን አያከብድም። የሒሳብ መምህርም አንድ መቶ የበቆሎ ፍሬ አቅርቦ፣ ተማሪዎቹ በየዙሩ ከቀሩት ከዐሥሩ አንዱን እያነሡ ስምንት ጊዜ እንዲቆጥሩ፣ ያገኙትንም ከራሳቸው ትምህርት ቤት የምዝገባ መዝገብ ጋር እንዲያስተያዩ ሊያደርግ ይችላል። ልዩነት ማግኘታቸው አይቀርም። ከዚያ በኋላ ‹‹ቀመራችን ምን ተወ?›› ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ የአምሳያን ዘዴ ከነጥንቃቄው ማስተማር ነው። ዛሬ በበቆሎ ፍሬ ይህን የለመደ ተማሪ፣ ነገ በዕቅድ መሥሪያ ቤት ሲቀመጥ በሠንጠረዡ ውስጥ ያልተጻፈውን ልጅ መፈለግ አያዳግተውም።