ለገበሬው የወጡ ስሞች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። የአርሲን ገበሬ ስም ግን በየዘመኑ የተነሣው መንግሥት ሲያወጣው ኖሯል። የፖለቲካ ርእዮተ ዓለም ወደ አንድ አገር ሲገባ አስቀድሞ ለሰው ስም ያወጣል፤ ባለስሙን ግን አይጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይኸንኑ ነው።

ኢትዮጵያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከደረሰባት የኢጣልያ ወረራ በቀር እንደ ሌሎቹ የአፍሪቃ አገሮች በቅኝ ግዛት አልኖረችም። ስለዚህ በቅኝ ስለተገዙ ሕዝቦች የሚጻፈው ሂስ እኛን አይነካም የሚሉ አይታጡም። ይሁን እንጂ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋውን የስንዴና የገብስ ማሳ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአርሲ ሕዝብ ለዓመታት ተዋግቶ በ1870ዎቹ በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለ በኋላ ብዙው መሬት ለመኳንንትና ለወታደር ተሰጠ፤ ባላገሩም ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ተባለ። ገባር ከግብር፣ ጭሰኛ ከጭስ የወጣ ቃል ነው። ሁለቱም ሰውየው የሚከፍለውንና የሚያነደውን እንጂ የሚያስበውን አይናገሩም።

ቀጥሎ የመጣው ስም ልማት ነበር። በ1960 ዓ.ም. ግድም በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት «ካዱ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ፣ የወተት ላምም ለአነስተኛው ገበሬ አቀረበ፤ የስንዴውም ምርት አደገ። ነገር ግን ልማት መሬቱ የማን እንደሆነ አልወሰነም። ስንዴ ትርፍ እንደሚያስገኝ በታወቀ ጊዜ ብዙ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩና ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። የጭሰኝነትን ውል ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግም በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ።

ይህን ግፍ የሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ነው። ጭሰኝነት ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን ታላቅ ሥራ የማያመሰግን ሐያሲ ፍርደ ገምድል ነው። ሆኖም «ሰፊው ሕዝብ» የተባለው ይኸው ገበሬ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ መልባና ወልባ በተባሉት የአምራቾች ማኅበር ደረጃዎች እንዲገባ ተገፋፋ፤ በ1978 ዓ.ም. ግድምም ከቀዬው ተነሥቶ በመንደር እንዲሰባሰብ ተደረገ። ከቅኝ ግዛት የወጣችው ታንዛኒያም በኡጃማ ስም ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ሚሊዮኖችን በመንደር ሰብስባለች። የሁለቱ አገሮች ታሪክ ቢለያይም ገበሬውን ሳይጠይቁ ስለ ገበሬው መወሰን አንድ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበርተኛው መሬቱንና በሬውን ተከፋፍሎ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተበተነ። ያ መበተን ገበሬው በርእዮተ ዓለሙ ላይ ያቀረበው ሂስ ነው፤ ከእርሱ የበለጠ ሂስም አልተጻፈም።

ከዚህ ሌላ የቋንቋ ነገር አለ። የአርሲ ገበሬ የሚበዛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ እነዚህን ስሞች ሁሉ የሰማው በአማርኛ ነው። ኦሮምኛ በመደበኛ ትምህርትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ቋንቋ የሆነው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ራሱ የተጻፈውን ደብዳቤ ያስተረጉም የነበረ ሰው፣ ሐሳቡን ተቀብሏል ወይም ጠልቷል ማለት እንዴት ይቻላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል፤ ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም ጽፏል። ሆኖም ስም ማውጣቱ አልቀረም፤ «ሞዴል አርሶ አደር» የሚለው መዐርግ ዛሬም የሚሰጠው ከላይ ነው።

እንግዲህ ርእዮተ ዓለም የሚመዘነው በስሙ ውበት ሳይሆን መሬቱን ማን እንደያዘ፣ የእህሉን ዋጋ ማን እንደቆረጠ፣ ነገሩም በማን ቋንቋ እንደተነገረ በመመርመር ነው። መምህሩ ለተማሪው ይህን ሚዛን ቢያስተምር፣ ሹሙም አዲስ ስም በሰርኩላር ከማስተላለፉ በፊት ባለስሙን ጠርቶ ቢያነጋግር፣ ከብዙ ድርሳን የበለጠ ይጠቅማል።