ስሟ የጠፋባት ዝንብ
(ስለ ጀምስ ብሩስ «ዚምብ» የቀረበ ሂስ)

«ለሥነ ጽሑፍ በቆመች መጽሔት ላይ ስለ ዝንብ መጻፍ ምን አመጣው?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በዚችው መጽሔት ባለፉት እትሞች በወጡ ሦስት አጫጭር ልቦለዶች ውስጥ ዝንብ ገብታለች። በሦስቱም የምታርፈው በድሃ ሕፃን ዓይን ላይ ነው፤ በሦስቱም «እሽ!» ተብላ ትባረራለች። ክንፏ ምን ይመስላል፣ አፏ ምን ይመስላል ብሎ አንድ አፍታ እንኳ ያስተዋላት ጸሐፊ የለም። ከሦስቱ ጸሐፊዎች አንዱ ከእኛው መካከል ስለ ሆነ ይህን ስንል ሰው ለማስቀየም አይደለም።

እንግዲህ ዝንብን አይቶ የጻፈ ሰው ፍለጋ ስንነሳ የተገናኘነው ከስኮትላንዳዊው ከጀምስ ብሩስ ጋር ነው። ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ምጽዋ ወርዶ፣ በ1770 የካቲት ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በሰናር በኩል የወጣ ተጓዥ ነው። እንፍራንዝንም ያውቃታል፤ በ1770 ሚያዝያ ከጎንደር ወርዶ ተቀምጦባታል፣ ጣናንም ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ተመልክቷል። (ይህች የጉዛራ ግንብ ያለባት፣ በጎንደር መንገድ ላይ የምትገኘው እንፍራንዝ ናት። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ ያለው፣ ምንጩን ከተማችን የምትጠጣው እንፍራንዝ ሌላ ነው። እኛ በኋላ ወርደን ያየነው ይህንኛውን ነው፤ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ።) መጽሐፉን በአምስት ትላልቅ ቅጾች ኤዲንብራ ላይ ያሳተመው በ1790 ነው፤ ያየውን ካየ ከሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አገሩ ሲገባ ብዙ ሰው አላመነውም። በ1792 እንዲያውም የባሮን ሙንካውዘንን የውሸት ጀብዱ ተከትሎ የወጣ መጽሐፍ እሱኑ መሳለቂያ አድርጎታል።

ከነዚያ አምስት ቅጾች ውስጥ እኛን የያዘን አንድ ገጽ የማይሞላ ነገር ነው። ብሩስ ከዚያ በፊት ማንም የተፈጥሮ ተመራማሪ አልገለጻትም የሚላትን አንዲት ዝንብ ያቀርባል። ከንብ ጥቂት ትበልጣለች፤ ሰውነቷም ከንብ ይወፍራል። ክንፎቿ ሰፋ ያሉ፣ እንደ ነጠላ የሳሱ፣ ቀለምም ነጠብጣብም የሌለባቸው፣ ተለያይተው የተቀመጡ ናቸው። ጭንቅላቷ ትልቅ ነው። ከላይኛው ከንፈሯ ጫፍ ሩብ ኢንች የምታህል አንዲት ጠንካራ ሹል ፀጉር ወጥታለች፤ ከታችኛው ደግሞ ሁለት። እግሮቿ ከውስጥ በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው፤ መላ አካሏም ቡናማ ፀጉር ለብሷል። በሥዕሉም ላይ ክፍሎቿ በደንብ እንዲታዩ ከእውነተኛ መጠኗ ከእጥፍ በላይ አሳድጎ አቅርቧታል።

እዚህ ላይ ያደነቅነውን እንናገር። ብሩስ ሦስቱ ፀጉሮች ተጋጥመው አንድ ሲሆኑ ምን ያህል እንደሚጠነክሩ ሲገልጽ «በጣም ጠንካራ» ብሎ አላለፈም። በጣቱ ገፋቸው! የገፋው ነገር የጠንካራ እሪያ ፀጉር ያህል እንደ መለሰለት ነው የሚነግረን። ይህቺን ያነበበ ሰው ጣቱን ይሰማዋል። ሃያ ዓመት ያለፈው ትዝታ ይሁን በሥፍራው የተያዘ ማስታወሻ፣ ጸሐፊው አንድ ቀን ይህቺን ፍጡር በእጁ እንደያዘ ያሳምናል። ከእኛ ልቦለዶች ሦስቱን ዝንቦች ሰብስባችሁ ብትጨምቁ አንዲት እንዲህ ያለች ዐረፍተ ነገር አይወጣቸውም።

ይህም ሆኖ ጣቱን የሰጠን ሰው ቁጥሩን ነፍጎናል። ዝንቧ ከንብ ወገን ትመስላለች ይላል፤ ስንት ክንፍ እንዳላት ግን አይናገርም። ኧረ ይኼ እኮ ዋናው ጥያቄ ነው! ንብ አራት ክንፍ አላት። ዝንብ ሁለት ብቻ፤ በሌሎቹ ሁለት ቦታ የከበሮ መምቻ የሚመስሉ፣ ጫፋቸው የተድቦለቦለ ትናንሽ ዘንጎች አሏት፤ ስትበር ሚዛኗን የምትጠብቀው በነሱ ነው። ሊኔየስ ሁለት ክንፍ ያላቸውን ለብቻ ለይቶ ያስቀመጠበት አሥረኛ እትም በ1758 ወጥቷል፤ ብሩስ ምጽዋ ከመውረዱ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ስለ ድምፇም ሲያወራ፣ ያ የሚያስፈራ ጥዝታ ቢያንስ በከፊል ከአፏ ፀጉሮች መርገብገብ ሳይመጣ አይቀርም ይላል። አይመጣም፤ ከክንፏና ከደረቷ ጡንቻ ነው። ፀጉሮቹን በጣም ከመውደዱ የተነሳ ሥራ የፈጠረላቸው ይመስለናል። ጸሐፊ የወደደውን ነገር ያለ አቅሙ ሲያሠራው ያየነው ብሩስ ላይ ብቻ አይደለም።

ወደ ስሟ እንምጣ፤ ክርክሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነውና። ብሩስ ይህቺን ልዩ ፍጡር «ዚምብ» ይላታል። ቃሉም የዐረቦች ነው ይለናል! አንባቢ ሆይ፣ ጮክ ብለህ አንብበው እስቲ። ዐረቡ «ዙባብ» ነው የሚለው፤ ዚምብ ያው የኛዋ ዝንብ ናት። ጓዳ ውስጥ የምታርፈዋም፣ ጥንብ ላይ የምታርፈዋም፣ ከብት የምትነክሰዋም። የሆነው ነገር አይታወቅም አይባልም፦ እንግዳው በጣቱ እያመለከተ «ይቺ ምንድን ናት?» ሲል፣ የተጠየቀው ሰው «ዝንብ ናታ!» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ቃሏ በእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ውስጥ ገብታ፣ በኢትዮጵያ ከብት የምትፈጅ የአንዲት የተለየች ነፍሳት ስም ሆና ተቀምጣለች። ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ምን አለበት፣ ቃላችን ባሕር ተሻገረ» ብሎ ተከራክሮናል። እኛ ግን አልተዋጠልንም። ባሕር የተሻገረው ድምፁ ነው፤ ትርጉሙ እዚሁ ቀርቷል።

በግዕዙ «ጸልጸልያ» ትባላለች ያለውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግዕዙ ቃል ጽንጽያ ነው፤ እሱም ዝንብንም ትንኝንም በጠቅላላው የሚጠራ ነው። ከጸናጽል ጋር ያላትን የድምፅ ዝምድና ግን ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ ብሩስም በጥዝታዋ መደንገጡ ከዚህ ጋር ይሄድለታል።

እሺ፣ ዝንቧ የትኛዋ ናት? ከኛ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያጠኑት ሁለቱ ለሁለት ተከፍለው አድረዋል። አንደኛው ፀፀ ናት ይላል። የፀፀ ወገን «ግሎሲና» የተባለው በ1830 እ.ኤ.አ. ቪድማን በሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ስሙ ከግሪኩ «ምላስ» የመጣ ነው። ከብት ገዳዩዋን ሞርሲታንስን ደግሞ ዌስትውድ በ1850 ገለጻት። የፀፀ መውጊያ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አንድ ከላይ፣ ሁለት ከሥር። የብሩስ ቁጥር ከዚህ ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ሁለተኛው ግን «ክንፏን እየው!» ይላል። ፀፀ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ መቀስ ስለት አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች፤ ከሩቅም የምትለየው በዚህ ነው። ብሩስ ደግሞ ተለያይተው የተቀመጡ ነው ያለው። ሩብ ኢንችም ከስድስት ሚሊሜትር ያልፋል፤ ለፀፀ አፍ ይረዝማል። ይህ ሁሉ የሚስማማው ለትልቋ የፈረስ ዝንብ ነው፤ ከዚያ ወገን መውጊያቸው እጅግ የረዘመ አሉ። አገሩም አይረዳውም። ፀፀ በእኛ አገር የምትኖረው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላ፣ በጊቤ፣ በዴዴሳ፣ በኦሞና በዓባይ ሸለቆ ነው፤ ብሩስ የሚያወራው ግን ስለ አትባራ ዙሪያ ጥቁር አፈር ሜዳ ነው።

ክርክሩን የሚፈርድ አንድ ነገር ነበር፤ እሷው ዝንቧ። ዛሬ አዲስ ዝንብ የሚገልጽ ሰው ሥዕልና ቃል ብቻ አያቀርብም። የገለጻትን ያቺኑ በመርፌ ወግቶ፣ ቦታና ቀን ጽፎ፣ ሌላው መጥቶ እንዲያያት በሙዚየም ያኖራታል። የደረቷን ፀጉር በየረድፉ ይቆጥራል፣ የክንፏን ሥር በየስሙ ይጠራል፣ የወንዱን ብልት ሳይቀር ፈትቶ ይሥላል። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ማንም ለደስታው አያነበውም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ግን ሁለት ተማሪዎችን ሌሊቱን ሙሉ አያጨቃጭቅም።

ብሩስ ከዝንቧ አካል ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ አይተን ሳቅንም ተገረምንም። ከኢሳይያስ ምዕራፍ ሰባት ያለችው የግብፅ ወንዞች ዳርቻ ዝንብ ይህችው ናት ይላል። ጥዝታዋ ሲሰማ ከብቱ ግጦሹን ትቶ እስኪሞት ይሮጣል፤ ግመል ገላው አባብጦ ይፈርሳል፤ ዝሆንና አውራሪስ እንኳ ጭቃ ውስጥ ተንከባለው እንደ ጥሩር ይለብሱታል። ዝናም ሲጀምር ሕዝቡ በሙሉ ከጥቁሩ አፈር ተነቅሎ ወደ አትባራ አሸዋ ይሸሻል። በአንዲት ዝንብ የአገሮችን ፍልሰት ሊያስረዳን ይቃጣዋል። ማጋነኑ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን በሥሩ ያለው ነገር እውነት ነው፤ በክረምት ከዋልካው መሬት ከብት ይዞ መሸሽን የፎገራ ሰው ብሩስን ሳያነብ ያውቀዋል።

የሚቆረቁረን ሌላ ነው። ከብሩስ ጋር የመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣልያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ከጉዞው የተገኙትን የዕፅዋት ሥዕሎች የሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ብሩስ የራሱ አስመስሏቸዋል። ግሽ ዓባይም አብሮት መድረሱ በራሱ በባሉጋኒ ማስታወሻ ሲታወቅ፣ ብሩስ ከዚያ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጽፏል። ሠዓሊው ይህን ያህል ከተሰረዘ፣ ዝንቧን ይዞ ያሳየው እረኛማ ማን ያስታውሰው? ከብቱ የሚሮጥበት፣ ወሩን የሚያውቀው፣ የትኛዋ እንደምትገድል የሚለየው ያ ሰው በገጹ ላይ የለም። ያለችው ከአፉ የወጣችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ለዐረብ ሰጥቶበታል።

ይህን እያወራን ሳለ አንድ ቅዳሜ ተነስተን ወደ እንፍራንዝ ወረድን። ወንዙ ዳር ሦስት ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «አያ፣ ከብት የሚነክሰው ዝንብ የትኛው ነው?» አልናቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ስንቱን ልንገራችሁ ልጆቼ? ይኼ ትንሹ እግር እግሩን ነው። ያ ትልቁ ደሞ ቆርጦት ሲነሳ ደሙ ይንጠባጠባል።» አምና አንድ በሬያቸው እየከሳ እየከሳ ሄዶ ሞተባቸው። «ገንዲ ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ፀፀ ያለው ቆላ ነው፣ እዚህ ገንዲ የለም ተባሉ። የነገራቸውን ሰው አናውቀውም፤ ያለውም ግማሹ እውነት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ፀፀ የለበትም። ሆኖም ገንዲ ከሚያመጡት አንዱ፣ ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ፣ ያለ ፀፀም ይተላለፋል፤ ደም የነካው የሌላ ነካሽ ዝንብ አፍ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ይዞት ይሄዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በጣና ዙሪያ ባሉ ሦስት ወረዳዎች ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ትልልቆቹን የፈረስ ዝንቦች፣ እግር ነካሿን ትንሿን፣ በሽታውንም።

ሽማግሌው ያችን ትልቋን ከበሬው ሆድ ላይ በባርኔጣቸው መትተው ጣሉልን። በክብሪት ቀፎ ይዘናት መጥተን በባዮሎጂዎቹ ማጉያ ሥር አየናት። ክንፏ ሁለት ነው፤ ለያይታ ነው የያዘችው። አንደኛው ጓደኛችን በመርፌ አፏን እየፈታ፣ ሌላው እየጻፈ፣ ሹል ሹሉን መቁጠር ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ አልቆመም፤ ስድስት ደረሰ።