የሾፌሩ አገር ቤት

በኦገስት 1975 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያን የነጠላ ዜማ ሽያጭ ሰንጠረዥ ለአንድ ሳምንት የመራው ዘፈን ስለ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዘፈኑ «ባርባዶስ»፣ ቡድኑ ደግሞ ታይፒካሊ ትሮፒካል ይባላል። ከዚህ ስም ጀርባ ያሉት ግን የካሪቢያን ሰዎች አይደሉም። ጄፍ ካልቨርትና ማክስ ዌስት በለንደኑ ሞርጋን ስቱዲዮ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያዎች የነበሩ ሁለት ነጮች ናቸው።

ዘፈኑ ሲከፈት አንድ አብራሪ መንገደኞቹን በካሪቢያን አነጋገር ይቀበላል። አየር መንገዱ የተሰየመው በኮኮናት ነው። ከዚያ በሬጌ ምት ሾፌሩ ይቀጥላል፦ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ መኖር አይፈልግም፣ የብሪክስተን ሌሊት ሰልችቶታል፣ ከለንደን ዝናብ ርቆ የምትወደው ሴት ወዳለችበት ደሴት ይመለሳል። የአየር መንገዱን ስም ትታችሁ ግጥሙን በወረቀት ላይ ብቻ ብታነቡት የሚያስቅ ነገር አታገኙበትም። ቀልዱ ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው፤ የምንስቀው ሰውዬው በሚለው ሳይሆን በአፉ ነው።

ሾፌሩ ፈጠራ ቢሆንም ኑሮው ፈጠራ አይደለም። ለንደን ትራንስፖርት ከ1956 ጀምሮ ባርባዶስ ድረስ ሄዶ ሠራተኞች ይቀጥር ነበር። የጉዞውን ወጪ የደሴቲቱ መንግሥት ያበድራል፤ ሠራተኛው ለንደን ገብቶ እየሠራ ይከፍላል። የዚህ ሰው ጉዞ ገና ከጅምሩ ዕዳ ነበረበት።

በዚያው በ1956 የትሪኒዳዱ ደራሲ ሳም ሴልቨን «ብቸኞቹ ለንደናውያን» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ልብ ወለድ አሳተመ። እዚያም አነጋገሩ ያስቃል። ልዩነቱ ተራኪው ራሱ በዚያው አፍ ማውራቱ ነው፤ ሳቁ ከቤተኛ የሚመጣ ሳቅ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞዝስ መመለስን ያስባል፣ ደግሞ ያስባል፣ ግን አይመለስም። ሴልቨን መፍትሔ ሳይሰጠው የተወውን ጥያቄ «ባርባዶስ» በአንድ በረራ ይገላግለዋል።

ካልቨርትና ዌስት በዚያው ዓመት «ባርባዶስ ስካይ» የተባለ አልበም አወጡ፤ በቡድኑ ስም ያን የመሰለ ስኬት ግን አልተደገመም። በ1978 ለሣራ ብራይትማንና ለሆት ጎሲፕ ልቧን ለጠፈር ወታደር ስለሰጠች ሴት የሚያወራ የዲስኮ ዘፈን ጻፉ፤ እሱም ተሳካ። ሥራቸው ልብስ መቀያየር ነበር ማለት ይቻላል። የጠፈሩ ልብስ ግን ባለቤት የለውም። የካሪቢያኑ ልብስ ባለቤት አለው፤ ያውም እዚያው ለንደን ውስጥ አውቶቡስ እየነዳ።

በዚህ ምክንያት ዘፈኑን ለረጅም ጊዜ ንቄው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ1999 የኔዘርላንዱ ቡድን ቬንጋቦይስ በዚሁ ዜማ ወደ ኢቢዛ ስለመሄድ የዘፈነው ዘፈን ነው። እሱም በብሪታንያ አንደኛ ወጣ። በዚህኛው የካሪቢያን አነጋገር አይኮረጅም፤ የሚቀየም ሰውም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ብሪክስተን የለችም። መድረሻው የጭፈራ ደሴት ሆኗል። ስድቡ ሲወጣ ስደተኛውም አብሮ ወጥቷል።

እንግሊዝኛ ለመኖሪያ ቤትም ለትውልድ አገርም በአንድ ቃል ይጠቀማል። እኛ በስደት ያለን ሰዎች «አገር ቤት» ስንል ግን የምንከራየውን ቤት ማለታችን እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ሾፌሩ የሚዘፍነው ስለዚህኛው ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች አፉን ቀምተውታል፤ ናፍቆቱን ግን ሳይነኩት ትተውለታል። ይህ ከጥፋት ነፃ አያወጣቸውም። ሰውየውን ያወቁት በአውቶቡስ መስኮት በኩል ይመስላል፤ ቢሆንም ወደ አንድ ቦታ መመለስ የሚፈልግ ሰው መሆኑን አይተዋል።

ሁለቱን ዘፈኖች አከታትላችሁ ስሟቸው። የመጀመሪያው ያሳፍራል፤ እኔ አሁንም በሙሉ ልብ አልሰማውም። ሁለተኛው አያሳፍርም፣ ያስጨፍራል። የሚቆጨኝ ግን ሁለተኛውን ስሰማ ነው፤ ዘፋኞቹ ዕረፍታቸውን ጨርሰው እንደሚመለሱ አውቃለሁና።