ታማኝ ውሸታም

ደባርቅ ተቀምጦ መብራትና ኔትወርክ የሚገጥሙበትን ሰዓት እየጠበቀ ኮድ የሚጽፍ ሰው አስመሳይ ሰርቨርን ቢወድ አይፈረድበትም። ትክክለኛውን የክፍያ ሰርቨር ከመጥራት ይልቅ መልሱ አስቀድሞ የተጻፈለት ሌላ ሰርቨር እዚያው ላፕቶፕህ ላይ ታስነሳለህ። እኔ የምጠቀመው ሞኩን (Mockoon) የተባለውን ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የክፍያ አገልግሎት ሰጪው ቻፓም ለሙከራ የሚሆን ቁልፍ ይሰጣል፤ ደግ ነው፣ ግን መስመር ይፈልጋል።

ከአስመሳዩ የምወደው እሺ ማለቱን አይደለም፤ እሺ ማለትማ ማንም ይችላል። ባዘዝኩት ሰዓት መበላሸቱን ነው። ስሜን ተራሮችን የሚጎበኝ እንግዳ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባልና፣ ለእንዲህ ያለ ምዝገባ የልምምድ መተግበሪያ ሠራሁ። አስመሳዩን «ክፍያውን ተቀበል፤ መልሱን ግን 40 ሰከንድ አዘግይ» አልኩት። መተግበሪያዬ 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ቆረጠና ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ላከ። መዝገቡን ስከፍት ሁለት መስመር፦ አንድ እንግዳ፣ ሁለት ክፍያ። ብሩ የእውነት ቢሆን ኖሮ ከሰውዬው ጋር መጨቃጨቄ ነበር። ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ሰጠሁና፣ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ዳግም ሲያይ የቀድሞውን መልስ ብቻ እንዲመልስ አደረግሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ አስመሳዩን የክፍያው ቀን ብሎ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን እንዲመልስ አዘዝኩት። መተግበሪያዬ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ኖሮ፣ ቀዩን የስህተት ጽሑፍ ዘረገፈው።