በአንድ የእንግሊዝ ባላገር ሙሾ ውስጥ ስላሉ ስውራን ቃላት

የባላገር ዜማ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲወርድ፣ ዜማው ሳይጠፋ የቃሉ ምሥጢር የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አዜሚው የማያውቀውን ቃል እንደ ተቀበለው ይለዋል፤ ሰሚው ግን ጆሮው ወደ ለመደው ቃል ይመልሰዋል። በእንግሊዝ አገር የገጠር ዜማዎች ይህ ችግር ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽር አውራጃ፣ ሬሳ ሲጠበቅ በሚታደርበት ሌሊት ይባል የነበረው «ላይክ ዌክ» የተሰኘው ሙሾ ነው። ቃሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ስውርነታቸው ግን ለሊቃውንትም አስቸግሯል።

ሙሾውን በጽሑፍ ካቆዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጆን ኦብሪ ነው። እርሱም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1686 ዓ.ም. ሲጽፍ፣ ከ60 ዓመት ያህል በፊት በባላገር ቀብር ላይ ይዜም እንደ ነበረ ከነጋሪ ሰምቶ መዝግቦታል። ከ116 ዓመት በኋላ፣ በ1802፣ ሰር ዎልተር ስኮት የስኮትላንድን ጠረፍ ግጥሞች ሰብስቦ ሲያሳትም ይህንኑ ሙሾ አብሮ አወጣው። ክርክሩ የሚነሣው በእነዚህ በሁለቱ ንባብ መካከል ነው።

አስቀድሞ ግን የማያከራክሩትን ቃላት ማየት ይገባል። የዛሬ እንግሊዛዊ «ላይክ» ሲባል ቢሰማ «እንደ» ወይም «ወደደ» የሚለው ይመጣበታል። በዚህ ስፍራ ግን ትርጓሜው ሬሳ ማለት ነው። ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር መግቢያ ላይ «ሊች ጌት» የሚባል ጣራ ያለው በር አለ፤ ይኸውም አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ዐርፈው ካህኑን የሚጠብቁበት የሬሳ በር ነው። ጀርመኖችም እስከ ዛሬ ሬሳን «ላይኸ» ይሉታል። «ዌክ» የሚለውም ትጋሃ ሌሊት ነው።

ሙሾው የሟቹን ነፍስ ጉዞ ሲናገር «ዊኒ ሙር» በሚባል ስፍራ ያሳልፋታል። «ዊኒ» በዛሬው ጆሮ የፈረስ ማሽካካት ይመስላል። ነገር ግን በሰሜን ባላገሮች ቋንቋ «ዊን» ቢጫ አበባ ያለው እሾኻም ቍጥቋጦ ነው፤ «ሙር» ደግሞ ያልታረሰ ጠፍ መሬት። እንግዲህ ነፍስ የምታልፈው በእሾኽ ምድር ነው። በሕይወቱ ለድኻ ጫማ የሰጠ ያን ጫማ ተጫምቶ ይሻገራል፤ ያልሰጠ ግን እሾኹ እስከ ዐጥንቱ ይወጋዋል። የፈረሱን ድምፅ የሰማ ሰው ይህን ሁሉ ምሥጢር ያጣዋል፤ ጫማው ለምን እንደ ተጠቀሰ እንኳ አያውቅም። «ሹን» የተባለው ቃልም ጫማዎች ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ን» የጥንት የብዙ ቍጥር ምልክት ሲሆን፣ ዛሬ በሬዎችን «ኦክስን» በሚለው ቃላቸው ላይ ቀርቶ ይገኛል። ይህም አማርኛ ተናጋሪ «ቅዱሳን» ሲል የግእዙን ብዙ ቍጥር ሳያስበው እንደሚጠብቅ ያለ ነው።

አሁን ወደሚያከራክረው ቃል እንምጣ። በሙሾው አዝማች ሦስት ነገሮች ለሟቹ ይጠራሉ፤ ፊተኛው እሳት፣ ኋለኛው የመብራት ብርሃን ነው። መካከለኛውን ኦብሪ «ፍሊት» ብሎ ጻፈው፤ ስኮት ግን «ስሊት» ብሎ አሳተመው። «ስሊት» ዝናብ የተቀላቀለበት በረዶ ነው። በእሳትና በመብራት መካከል በረዶ ምን ይሠራል? ስኮትም ይህን ዐይቶ፣ ቃሉ «ሶልት» ማለት ጨው ከሚለው የተበላሸ ሳይሆን አይቀርም ብሎ በማስታወሻ ገመተ፤ በሬሳ ደረት ላይ ጨው የማኖር ልማድ በአገሩ ነበርና።

ልማዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ልማድ ለተሳሳተ ንባብ ዋስ ሊሆን አይችልም። ቃል የሚመረመረው በዘመዶቹ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፍሌት» የቤት ወለልና አዳራሽ ማለት ነው፤ «ቤዎልፍ» በተባለው ጥንታዊ ግጥም ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል። ከዚያም በኋላ ባል ለሚስቱ ሲናዘዝ፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ከቤቱ እንዳትወጣ እሳትንና «ፍሌትን» ማለት ምድጃና ማደሪያን አብሮ ይሰጣት ነበር። ስለዚህ የኦብሪ ንባብ በዕድሜም በምስክርም ይበልጣል። ስሕተቱም ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም፤ በቀድሞው የእንግሊዝ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ያለው ረዥሙ «ስ» ከ«ፍ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት ብቻ ነበርና። ሠረቀ ፀሐይ የሚለውን በእሳቱ «ሰ» የጻፈ ጸሐፊ ፀሐይን ሌባ እንደሚያደርጋት የሚያውቅ ሁሉ፣ የአንዲት ፊደል ጣጣ ምን ያህል እንደ ሆነ አይስተውም።

ቃሉ ሲቃና ሙሾው በሙሉ ይቃናል። በረዶ ቢሆን ኖሮ ሟቹ ወደ ውጭ የተጣለ ይመስል ነበር፤ ጨው ቢሆንም የአስማት ነገር ይሆን ነበር። «ፍሊት» ሲሆን ግን ቤተ ሰዎቹ ለሟቹ በዚያች በመጨረሻዪቱ ሌሊት ምድጃውን፣ ማደሪያውንና መብራቱን ይሰጡታል፤ ነፍሱንም ለክርስቶስ ዐደራ ይላሉ። ለመበለት በኑዛዜ ይሰጥ የነበረው ነገር ለሟች በዜማ ተሰጠ ማለት ነው። ጫማ የሰጠ ጫማ ያገኛል፣ መብልና መጠጥ የሰጠም ከእሳት ይድናል የሚለው የሙሾው ትምህርት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጋርም ይዛመዳል።

ስኮትን መንቀፍ ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ግምቱን በማስታወሻ አኖረ እንጂ በንባቡ ውስጥ «ጨው» ብሎ አላስገባም። አስገብቶት ቢሆን ኖሮ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት «ስሊት» እና «ፍሊት» በአንዲት ፊደል ብቻ እንደሚለያዩ አይተው ንባቡን ወደ ቦታው ለመመለስ ባልቻሉ ነበር። ቃል ለገለበጠውም ሆነ ለሚተረጕመው ሰው ይህ ሥርዐት ይጠቅማል፤ ያልገባውን ቃል እንዳገኘው ይጻፈው፣ ግምቱንም በኅዳግ ያኑረው።