የአደን ሥዕል ከጀርባው ሲነበብ

የአደን ሥዕል የሚሸጥ ነጋዴ መጀመሪያ አንበሳውን ያሳየኛል። ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግን ጠመንጃው ላይ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባ የውጭ መልእክተኞች ሲበዙ፣ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጡ ሠዓሊዎች ለፈረንጅ ገዢ ጦርነት፣ የግብር ድግስና አደን መሣል ያዙ። ዝሆን በከተማ ጎዳና የሚታይ እንስሳ ስላልነበረ ብዙውን ጊዜ በወሬ ተሣለ። ጠመንጃን ግን ሠዓሊውም ጎረቤቱም ያውቁት ነበር። በሥዕሉ ላይ ውጅግራ ካለ፣ ፈረንሳዮች ያን መሣሪያ ካወጡበት ከ1874 እ.ኤ.አ. በፊት እንዳልተሣለ አወቅሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደተሣለ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያሻል፤ ውጅግራ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ብዙ ዘመን ያገለገለ ጠመንጃ ነውና።

ሌላውን ማስረጃ ከጀርባው እፈልጋለሁ። የአቡጀዲውን ሽመና፣ ሙጫው የሰረገበትን፣ ጨርቁ ሲታጠፍ የኖረበትን መስመር አያለሁ። በእውነት ያረጀ ሸራ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይረግፋል፤ ሌላው ቦታ ደህና ይሆናል። ሆን ተብሎ በጢስና በሻይ የጠቆረ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ፈረሰኛው ከላይ ወደ ታች አንበሳውን በጦር ሲወጋ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነዘንዶው ካስታወሰኝ ደስ ይለኛል፤ የሠዓሊው እጅ የት እንደተማረ ይነግረኛልና።

የምፈራው በብራና ላይ የተሣለ አደን ነው። በቸርችል ጎዳና ሱቆች ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥዕል ሳገላብጥ ጀርባው ላይ የግዕዝ ጽሕፈት ካገኘሁ ሆዴ ይባባል። አንድ ሰው የጸሎት መጽሐፍ ቀዶ፣ ቅጠሉን ለቱሪስት አንበሳ አድርጎታል። ሥዕሉ ምንም ቢያምር አልገዛም፤ እኔ ከገዛሁ ነገ ሌላ ቅጠል ይቀደዳል። የዝሆን ጥርስንም በዚሁ ምክንያት አልነካም። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል። «የድሮ ነው» የሚለው ወሬ አያሳምነኝም፤ አዲሱንም በሻይ ማስረጀት ቀላል ነው።

ጋሻ ግን ልቤን ይወስደዋል። የጉማሬ ወይም የጎሽ ቆዳ፣ ከፈይ የለበሰ፣ በብር ያጌጠ። እዚህም ፊቱን ትቼ መያዣውን አያለሁ። በላብ የወዛ የቆዳ መያዣ ብዙ ይናገራል፤ የብር ጌጥ ግን ከሌላ ጋሻ ተነቅሎ ሊመጣ ይችላል። የበለጠ የምፈልገው የባለ ጋሻውን ስም ነው። አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ደፍቶ፣ ጠጉሩን ቅቤ ተቀብቶ ሲፎክር ስሙ በአገሩ ሁሉ ይነሳ ነበር። ሠዓሊዎቹም ከፈረሰኛው ራስ በላይ «እገሌ አንበሳ ሲገድል» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። ነጋዴ እጅ ሲገባ ግን ስሙ ይጠፋል፤ ዕቃው «የጥንት ጋሻ» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከቤተሰብ ስገዛ ዋጋ ከመቁረጤ በፊት ካሉት ሁሉ በዕድሜ የገፉትን እጠይቃለሁ፦ «እማማ፣ ይህን ጋሻ ማን ነበር የሚይዘው? ግዳዩ የት ቆላ ነበር?» አንዳንዴ ወጣቶቹ ይቸኩላሉ፤ ገንዘቡን ይፈልጋሉ። እኔ አልቸኩልም። እማማ ያስታወሱትን ስም፣ አገርና ዝምድና፣ የነገረኝንም ሰው ማንነት እጽፋለሁ፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ እተዋለሁ። ጋሻው ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ያ ወረቀት አብሮ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ግለሰብ ቅርስ መያዝ ይችላል፤ ግን ማስመዝገብና መንከባከብ ግዴታው ነው፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ይህን ለሚሸጡልኝ ሁሉ አስረዳለሁ፤ አንዳንዶቹ እማማ ያስታወሱትን ስም ከሰሙ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው ጋሻውን ወደ ግድግዳቸው ይመልሱታል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ።