የተሰጠ ጥበብም ባለቤት አለው

ነፃ ሶፍትዌር በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋ ይሆናል። እኔን ግን ከዋጋው ይልቅ የባለቤትነቱ ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ይህንንም «ሲንቴል» የተባለው አጭር የአኒሜሽን ፊልም ከብዙ ክርክር በተሻለ ያሳያል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2010 በኔዘርላንድስ ለሕዝብ ቀረበ፤ ርዝመቱ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ሲንቴል የምትባል ብቸኛ ወጣት ክንፉ የቆሰለ የድራጎን ግልገል ታገኛለች። ታክመዋለች፤ ትላመደዋለች። አንድ ቀን ትልቅ ድራጎን ግልገሉን ነጥቆ ይሰወራል። እሷም አገር ላገር ስትፈልገው ኖራ፣ በመጨረሻ ዋሻ ውስጥ ያገኘችውን ግዙፍ ድራጎን ትገድላለች። ጠባሳውን ስታይ ግን የገደለችው ያንኑ የራሷን ግልገል መሆኑን ትረዳለች። እሱ አድጓል፤ የእሷም ዕድሜ ሳታውቀው ሄዷል።

የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚህ ፍጻሜ ላይ ነው። ድክመቱም ከዚሁ አይርቅም፤ የፍለጋው ዓመታት በጥድፊያ ስለሚያልፉ ድካሟ ሳይሰማን ኀዘኗ ይደርስብናል። በነፃ የተሰጠ ነው ብዬ ይህን ልሸፍንለት አልፈልግም። እንደ ማንኛውም ፊልም ሊመዘን ይገባዋል።

ፊልሙ የተሠራው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሶፍትዌሩ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሲከስር፣ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ ከሕዝብ አሰባስቦ መብቱን ከባለገንዘቦቹ አስለቀቀ፤ ኮዱንም ለማንም ክፍት አደረገው። «ሲንቴል»ም በዚሁ መንፈስ ተወለደ። ደጋፊዎች ዲቪዲውን አስቀድመው በመግዛት ወጪውን ተጋሩ። ማንም ሰው ፊልሙን ሊቀዳው፣ ሊለውጠው፣ ሊሸጠውም ይችላል፤ በምላሹ የሠሪዎቹን ስም መጥራት አለበት።

ታዲያ «ነፃ» ማለት ባለቤት የሌለው ማለት ነውን? አይደለም። ፈቃድ መስጠት የሚችለው መብት ያለው ሰው ብቻ ነው። የሠሪዎቹን ስም አስቀርቶ ፊልሙን የሚወስድ ሰው ስጦታ ተቀበለ አይባልም፤ ሰረቀ እንጂ።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2014፣ በሶኒ ፒክቸርስ ስም በቀረበ የቅጂ መብት ይገባኛል ባይነት የተነሣ «ሲንቴል» ከዩቲዩብ ታገደ። ለሁሉ የተፈቀደው ፊልም ከሁሉ ተከለለ። እገዳው በኋላ ቢነሣም ነገሩ ያስተዛዝባል፤ የደራሲን መብት ለማስጠበቅ የቆመ ሥርዓት የደራሲዎቹን ፈቃድ ረገጠ። እንደ ሲንቴል እጅ፣ ሊጠብቀው የሚገባውን መታ።

የቅጂ መብት ይቅር አልልም። ዘግቶ የያዘውን ባለቤት የምናከብረውን ያህል ከፍቶ የሰጠውንም እናክብር እላለሁ። የ«ሲንቴል» መሥሪያ ፋይሎች ጭምር ለሕዝብ ተለቀዋል። ትምህርት ቤት የመግባት ዐቅም የሌለው ወጣት እነሱን ፈታትቶ ሙያውን ሊማር ይችላል። ለዚህ ወጣት በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው የሰጪው ቃል እስከተከበረ ድረስ ነው።